ጎንደር ውስጥ ለእኛ ምን አለን?

(በሬዲዮ ከቀረበ ዝግጅታችን ለኅትመት የተሰናዳ)

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

ለዛሬው ዝግጅታችን መነሻ የሆነን የአንድ ተማሪ ጥያቄ ነው። ዳንግላ ላይ ከመግሪብ ሶላት በኋላ ከወጣቶች ጋር ተቀምጠን ሳለን፣ መንገዱ ሲረጋጋ ጓደኞቹ ጎንደርን ለመጎብኘት እንዳሰቡ ነገረን። «ሸኻችን፣ እኔም ልሂድ ወይስ ልቅር? ግንቡ የነገሥታት ነው፤ ደብሩ የክርስቲያኖች ነው። ጎንደር ውስጥ ለእኛ ምን አለን?» አለ። አንዳንዶቹ ሳቁ። እኛ ግን አልሳቅንም። ምክንያቱም ይህንኑ ጥያቄ ከእርሱ በፊት በዕድሜ ከገፉ ሰዎችም ሰምተነዋልና።

በ2011 ዓ.ም ከእንጅባራና ከዳንግላ የተሰባሰቡ አባቶችን፣ እናቶችንና ልጆችን ይዘን ወደ ጎንደር ተጉዘን ነበር። ከግንቡ ቅጽር ገብተን አስጎብኚው ስለ ነገሥታቱ ሲያስረዳን፣ በከብት ንግድ ዕድሜያቸውን የገፉ አንድ አባታችን በጸጥታ ካዳመጡ በኋላ «ልጄ፣ የሙስሊሙስ ነገር?» ሲሉ ጠየቁት። ወጣቱ ክርስቲያን ነበር። ጥያቄው አላስከፋውም፤ እንዲያውም ፈገግ ብሎ እጁን ወደ ቆላማው የከተማው ክፍል ዘረጋና «አባቴ፣ እሱ ደግሞ እዚያ ታች ነው፤ የሚጠይቀኝ ሰው ስለማይገኝ ነው እንጂ ባሳየው ደስ ይለኛል» አላቸው። እንግዲህ ይህ «የሚጠይቀኝ ሰው አይገኝም» የሚለው ቃል እስከ ዛሬ ከጆሯችን አልጠፋም። የዛሬው ንግግራችንም ለዚያ ተማሪና ለእኒያ አባት የሚሰጥ መልስ ነው።

ከየመን የመጣው ቃዲ

አላህ (ሱ.ወ) በቁርኣኑ በብዙ ቦታ በምድር ላይ እንድንጓዝና ከእኛ በፊት የነበሩት ሕዝቦች ፍጻሜ እንዴት እንደነበር እንድንመለከት ያዘናል። ስለዚህ ጉብኝት ለሙስሊም እንግዳ ነገር አይደለም። የሚገርመው ደግሞ ስለ ጎንደር ካየ በኋላ በጽሑፍ ካስቀመጡት ቀደምት ሰዎች መካከል አንዱ ሙስሊም ዓሊም መሆኑ ነው።

ሰውየው ቃዲ ሐሰን ኢብኑ አሕመድ አል-ሐይሚ ይባላሉ። የየመን ሰው ናቸው። አጼ ፋሲል (እ.ኤ.አ. ከ1632 እስከ 1667 የነገሡት) ጎንደርን እ.ኤ.አ. በ1636 ከቆረቆሩ በኋላ ወደ የመኑ ኢማም ደብዳቤና መልእክተኛ ላኩ። በዚያን ጊዜ ምጽዋ በዑስማንያ ቱርኮች እጅ ነበረች። ንጉሡ የካቶሊክ ሚሲዮናውያንን ካስወጡ በኋላ ከአውሮፓ ይልቅ ወደ ሙስሊም ጎረቤቶቻቸው ፊታቸውን መልሰው ነበርና፣ በአፋር ጠረፍ በቤይሉል በኩል ሌላ የንግድ በር እንዲከፈት ፈለጉ። የየመኑ ኢማም አል-ሙተወኪል ኢስማዒል በበኩላቸው ንጉሡ ልባቸው ወደ እስልምና ያዘነበለ መሰላቸውና ይህን ቃዲ መልእክተኛ አድርገው ሰደዱ።

ቃዲው ባሕሩን ተሻግረው ቤይሉል ወረዱ። የአፋርን በረሃ አቋርጠው፣ ተራራውን ወጥተው፣ እ.ኤ.አ. በ1648 (በ1058 ሂጅራ) ጎንደር ገቡ። ያዩትን ሁሉ «ሲረቱል ሐበሻ» በሚባለው የጉዞ ጽሑፋቸው አስፍረዋል። በዙሪያው ያለው መኖሪያ በአብዛኛው የሣር ክዳን በነበረበት ዘመን፣ ከድንጋይና ከኖራ የተገነባው የንጉሡ ግንብ እጅግ እንዳስደነቃቸው ጽፈዋል። የሕንጻው ዋና ባለሙያ ከህንድ የመጣ ግንበኛ እንደነበርም ይነግሩናል። ከግንቡ ውስጥ ያዩት ምንጣፍና የቤት ዕቃም ከቱርክና ከህንድ አገር የመጣ ነበር።

ታዲያ ውጤቱ ምን ሆነ? ንጉሡ አልሰለሙም። ኢማሙም የንግድ በሩን እንደታሰበው አልከፈቱም። ሁለቱም የፈለጉትን አላገኙም። ሆኖም እንግዳው ተከብሮ ተቀመጠ፣ በሰላምም ወደ አገሩ ተመለሰ። የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሶሓቦች በነጃሺ አገር እንግድነት ከተቀበሉ ከአንድ ሺህ ዓመት በኋላ፣ አንድ ሙስሊም ዓሊምና አንድ የሐበሻ ክርስቲያን ንጉሥ በእምነት ሳይስማሙ ፊት ለፊት ተቀምጠው ተነጋገሩ። ስለዚህ ልጃችን ሆይ፣ ከፋሲል ግንብ ሥር ስትቆም ከአራት መቶ ዓመት ገደማ በፊት አንድ ቃዲ ከዚያው ቦታ ቆሞ ቀና ብሎ እንዳየ አስታውስ።

አዲስ ዓለም

ከግንቡ ወደ ደቡብ፣ የቀሃና የአንገረብ ወንዞች ወደሚገናኙበት አቅጣጫ ዝቅ ሲባል አዲስ ዓለም ይገኛል። ቀድሞ «እስላም ቤት» ይባል የነበረው ሰፈር ነው። አመጣጡ የሚያስደስት ብቻ አይደለም። ቃዲ ሐሰን ጎንደርን ካዩ ሃያ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1668፣ በአጼ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን የተሰበሰበው ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ጋር ተቀላቅለው እንዳይኖሩ፣ ለብቻቸው ሰፈር እንዲይዙ ወሰነ። ቤተ እስራኤሎችም እንዲሁ ተለይተው እንዲኖሩ ታዘዙ።

እንግዲህ አስቡት! እንዲገለሉ ተብሎ የተሰጣቸውን ቦታ አባቶቻችን ምን አደረጉት? ርስት መያዝ ስለተከለከሉ ወደ ንግድና ወደ እጅ ሥራ ዞሩ። ሸማ ሠሩ፣ ሰፉ፣ ነገዱ። ከጎንደር አንዱ የሲራራ መንገድ ወደ ምጽዋ፣ ሌላው በመተማ በኩል ወደ ስናር ይወስድ ነበር። ሦስተኛው ደግሞ ወደ እኛው ወደ ጎጃም ወርዶ፣ የባሶን ገበያ ረግጦ፣ ዓባይን ተሻግሮ እስከ እናርያ ይዘልቃል። በእነዚህ መንገዶች ላይ ዋነኞቹ ነጋዴዎች «ጀበርቲ» የሚባሉት ሙስሊሞች ነበሩ። ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድና ቡና አመላለሱ። የሰው ልጅንም እንደ ሸቀጥ ነግደዋል፤ ይህን ደብቀን ብናልፍ ታሪክ መናገር ሳይሆን ራስን ማሞገስ ይሆንብናል። ንጉሡ በነጋዴዎች ላይ የሚሾሙት ነጋድራስም ብዙ ጊዜ ሙስሊም ነበር።

በዚህ ምክንያት ቤተ መንግሥቱ ያለ አዲስ ዓለም፣ አዲስ ዓለምም ያለ ቤተ መንግሥቱ መኖር አይችሉም ነበር። ከላይ ያለው ለብሶ የሚታየው ልብስ በታች ባሉት እጅ ያልፋል። ከታች ያሉት ለመንገዳቸው ጥበቃ የሚያገኙት ከላይ ካለው ነው። በሕግ የተለያዩ ሰዎች በኑሮ ተሳስረው ነበር ማለት ነው። ግንቡን ብቻ አይቶ የተመለሰ ሰው የከተማዋን ግማሽ፣ አዲስ ዓለምን ብቻ አይቶ የተመለሰም ግማሿን ብቻ ነው ያየው።

እሳት የሁሉንም ቤት ሲበላ

በጉብኝታችን ላይ ልጆቹ «ይህን ሁሉ ያፈረሰው ማነው?» እያሉ ይጠይቁን ነበር። መልሱ አንድ አይደለም። ግንቦቹን የምድር መንቀጥቀጥም ጎድቷቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1941 ጣሊያንን ለማስወጣት በተደረገው ጦርነት የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ቦምብ አርፎባቸዋል። ሆኖም ትልቁን ጉዳት ያደረሰው የሰው ልጅ በሰው ልጅ ላይ ያስነሳው እሳት ነው።

አጼ ቴዎድሮስ ራሳቸው ክርስቲያን ንጉሥ ሳሉ እ.ኤ.አ. በ1866 ጎንደርን ዘርፈው አቃጠሉ። እ.ኤ.አ. በ1878 ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ በአጼ ዮሐንስ አራተኛ ዘመን ሙስሊሞች እምነታቸውን እንዲለውጡ ተገደዱ። ከጎንደር አካባቢ ወደ መተማ አቅጣጫ የተሰደዱም ነበሩ። ከዚያም እ.ኤ.አ. በጥር 1888 የሱዳን መሕዲስቶች በአቡ አንጃ መሪነት ገቡ። የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ጦር ደምቢያ ውስጥ ሳር ውኃ ላይ ድል ካደረጉ በኋላ ጎንደርን አቃጠሉ። አብያተ ክርስቲያናቷን ከጥቂቶቹ በቀር አወደሙ። ከተረፉት መካከል አንዱ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ነው።

ውድ አድማጮቻችን፣ እዚህ ላይ ቆም እንበል። እነዚያ አጥቂዎች የተሰለፉት በእስልምና ስም ነበር። እኛ ደግሞ በጦርነት ጊዜም ቢሆን መነኩሴን በገዳሙ እንዳንነካ፣ ሴትና ሕጻን እንዳንገድል ከዲናችን የተማርን ሰዎች ነን። ስለዚህ በቦሩ ሜዳ የደረሰብንን ስንናገር በ1888 የተደረገውንም አብረን እንናገር። የራስን ቁስል ብቻ የሚቆጥር ሰው ታሪክ አላወቀም፤ ቂም አወቀ እንጂ።

የቅርቡንም አንሸሽም። ሚያዝያ 18 ቀን 2014 ዓ.ም፣ በረመዳን ወር፣ በጎንደር የአንድ የተከበሩ ሸኽ ቀብር ላይ በተነሳው ጥቃት ከ20 የማያንሱ ሰዎች ሕይወት እንደጠፋ በወቅቱ ተነግሯል። መስጂዶችና ንብረትም ጉዳት ደረሰባቸው። ቀናት ሳይቆዩ በሌላው የአገራችን ክፍል በአብያተ ክርስቲያናት ላይ ጥፋት ተፈጸመ። አላህ ለሞቱት ይዘንላቸው፣ ለቤተሰቦቻቸውም ሶብር ይስጣቸው። የተማሪያችን ጥያቄ ከየት እንደመጣ የገባን በዚህ ነው። «ምን አለን?» ሲል «ማን ይፈልገናል?» ማለቱ ነበር።

መልሳችን ይህ ነው። ጎንደር ውስጥ ያለን ነገር ማንም በችሮታ የሚሰጠን ወይም በቁጣ የሚነሳን አይደለም። ከሦስት መቶ ሃምሳ ዓመት በላይ የዘለቀ ሰፈር አለን። የንግድ መንገድ አለን። የአባቶቻችን ቀብር አለን። በክፉ ቀን ምክንያት ከታሪኩ ራሳችንን ካስወጣን፣ «እናንተ የዚህ አገር ሰዎች አይደላችሁም» ለሚል ሰው ምስክርነት እንደሰጠን ይቆጠራል።

መሄድ ለሚፈልግ ቤተሰብ

እንግዲህ ወደ ተግባሩ እንምጣ። አንደኛው ጉዳይ መንገድ ነው። ከ2015 ዓ.ም መጨረሻ ወዲህ በክልላችን በተነሳው ግጭት መንገዶች ሲዘጉና ሲከፈቱ ቆይተዋል። ነፍስን መጠበቅ ግዴታ ነው፤ ጉብኝት ግን ግዴታ አይደለም። ስለዚህ ከመነሳታችሁ በፊት በዚያው ሳምንት ከመጡ ሹፌሮችና ጎንደር ካሉ ዘመዶች ጠይቁ። ጥርጣሬ ካለ አቆዩት፤ ግንቡ የትም አይሄድም።

መንገዱ ሰላም ሲሆን ከእንጅባራ ጎንደር ወደ 300 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ዳንግላን፣ ዱርቤቴንና መርዓዊን አልፎ ባሕር ዳር ይገባል። ከዚያ ሐሙሲትን፣ ወረታን፣ አዲስ ዘመንን፣ እንፍራንዝንና ማክሰኝትን አቋርጦ በአዘዞ በኩል ጎንደር ይደርሳል። እንፍራንዝ አጠገብ ከጎንደር በፊት በአጼ ሠርፀ ድንግል ዘመን የተሠራውን የጉዛራን ግንብ ልጆቻችሁን አሳዩ። አረጋውያን ወይም ሕጻናት ካሉ ባሕር ዳር ማደሩ ይሻላል። ርቀቱ ሶላት የሚያሳጥር ነው። ማጣመርን በተመለከተ እያንዳንዱ በመዝሀቡ መሠረት ከመነሳቱ በፊት ዓሊሙን ይጠይቅ። እኅቶችም ከመሕረማቸው ጋር ይጓዙ።

ሁለተኛው ጊዜ ነው። በክረምት ዝናቡ ያውካል፤ ከመስከረም ማብቂያ በኋላ ያለው ወቅት ይመረጣል። በጥምቀት ሰሞን ከተማው በእንግዳ ይሞላል፣ ማረፊያም ይወደዳል፤ በጸጥታ ማየት የሚፈልግ ሌላ ጊዜ ይምረጥ። ብርዱን በተመለከተ የእንጅባራን ብርድ የቻለ ሰው የጎንደር ብርድ አያስደነግጠውም፤ ለማታ ግን ጋቢ አይጥፋ።

ሦስተኛው የመግቢያ ነገር ነው። የእኛን ስህተት አትድገሙ። በ2011 ዓ.ም የመግቢያ ሰዓቱን ሳንጠይቅ ሄደን ከበሩ ስንደርስ የምሳ ሰዓት ሆኖ ተዘግቷል። ሕጻናቱ በፀሐይ ተንገላቱ፣ እኛም ለዙህር ውዱእ የምናደርግበት ውኃ ፍለጋ ተሯሯጥን። ጥፋቱ የማንም ሳይሆን የእኛው ነበር። ስለዚህ ጠዋት በጊዜ ግቡ፤ የውዱእ ውኃም በጀሪካን ያዙ። ለአገር ሰው ዋጋው ከውጭ አገር ጎብኚ ስለሚያንስ መታወቂያ አትርሱ። የገዛችሁትን ትኬት አትጣሉት፤ ለፋሲል መዋኛም ያገለግል ነበርና ጠይቁ። ግንቦቹ በቅርብ ዓመታት ሰፊ ጥገና ስለተደረገላቸው የትኞቹ ክፍሎች ክፍት እንደሆኑ አስቀድማችሁ እወቁ።

አራተኛው አካሄዱ ነው። በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ወደ ፋሲል ግቢ ግቡ። በ900 ሜትር ገደማ የድንጋይ አጥር የታጠረ ነው። ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የፋሲልን ግንብ፣ የአጼ ኢያሱን ቤተ መንግሥትና የእቴጌ ምንትዋብን ግንብ በተራ እዩ። ለዙህር ወደ አዲስ ዓለም ወርዳችሁ ከነዋሪው ጋር ስገዱ። ከሶላት በኋላ ቶሎ አትነሱ፤ ከአረጋውያኑ አጠገብ ተቀመጡ። ጉብኝቱ ያለው እዚያ ነው። ከዐስር በፊት ወይም በኋላ ወደ ፋሲል መዋኛ መሄድ ይቻላል። በማግስቱ ቁስቋምንና ደብረ ብርሃን ሥላሴን የሚፈልግ ይይ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መግባት የሚከብደው ከቅጽሩ ውጭ ሆኖ ታሪኩን ማዳመጥ ይችላል። የገባ ግን ጫማውን ያውልቅ፣ በቅዳሴ ሰዓት አይሂድ፣ ሳያስፈቅድ ፎቶ አያንሳ። በመስጂዳችን እንዲደረግልን የምንፈልገውን እኛም እናድርግ።

አምስተኛው ምግብ ነው። የሙስሊም ምግብ ቤት በአዲስ ዓለምና በገበያው አካባቢ ጠይቁ። ካልተመቸ ረቡዕና ዓርብ የጾም ምግብ በየቤቱ ስለሚገኝ አትቸገሩም። የእኛ እናቶች ግን ከሁሉም በልጠው ነበር፤ የገብስ ቆሎና ዳቦ በመሶብ ይዘው መጥተው ሹፌሩንም አስጎብኚውንም አበሉ።

ደብተርና እርሳስ

በመጨረሻ አንድ አደራ አለን። በእኛው በዳንግላ እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 ሮበርት ቺስማን የሚባል እንግሊዛዊ ቆንስል ተቀምጦ ነበር። የጣናን ዙሪያና የዓባይን ጉዞ እየዞረ መዝግቦ መጽሐፍ አሳተመ። ቃዲ ሐሰንም ከየመን መጥተው ጻፉ። እንግዳ ጽፎ ሲሄድ እኛ ባለቤቶቹ ግን «አባቴ ይህን ይለኝ ነበር» ብለን በቃል እየተውነው፣ ሽማግሌው ሲሞት አብሮ ይቀበራል።

እኒያ የከብት ነጋዴ አባታችን በአዲስ ዓለም መስጂድ ደጃፍ ከአንድ አዛውንት ጋር ተቀምጠው ብዙ አወሩ። ስንመለስ መኪናው ውስጥ «አያቴ ጎንደር እየተመላለሰ ይነግድ እንደነበር ልጅ ሆኜ ሰምቻለሁ፤ የት እንደሚያርፍ ግን ጠይቄው አላውቅም። ዛሬ የት እንዳረፈ ገባኝ» አሉን። ከዚያ በኋላ እስከ ባሕር ዳር ድረስ ዝም አሉ።

ስለዚህ ለተማሪያችን እንዲህ አልነው፦ መንገዱ ሰላም ሲሆን ሂድ። ከክርስቲያን ጓደኞችህ ጋር ሂድ። ግንቡን አብራችሁ እዩ፤ ከዚያ አንተ አዲስ ዓለምን አሳያቸው። ከመሄድህ በፊት ግን ደብተርና እርሳስ ይዘህ አያትህ ዘንድ ተቀመጥ፤ በየት መንገድ ይነግዱ እንደነበር፣ የት ያድሩ እንደነበር ጠይቃቸው። ጎንደር ውስጥ ያለህ ነገር የሚጀምረው ከዚያ ከአያትህ መደብ ነው።

አላህ ለአገራችን ሰላሙን፣ ለጎረቤቶቻችንና ለእኛ መተዛዘንን ይስጠን። ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።